«ማበልጸግ ከዓለም ይታገድ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዩራኒየም ማበልጸግ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጸሐፊው ብዕራቸው ይፈስሳል። ስጋታቸውም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ማበልጸግ ለዩራኒየም በተፈጥሮ የሌለውን ኃይል ይጨምርለታል። ሥራው የሚሠራው ሴንትሪፊውጅ በሚባል፣ ጋዝ በሚያሽከረክር ማሽን ብቻ ነው። ያለ በለጸገ ዩራኒየም የሚሠራ ሪአክተር (አቶም እየሰነጠቀ ኃይል የሚያወጣ ምድጃ) የለም። 20 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም ከቦምብ ገና ሩቅ ነው። ሌዘር ሲመጣ ማንም በጓዳው ያበለጽጋል። ከቦምብና ከመብራት ውጭ ደግሞ ቴክኖሎጂው ለምንም አይውልም። ስለዚህ፣ ይላሉ፣ አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አቶሞች) የሚለይ ማሽን በሙሉ ይታገድ።

ስጋታቸውን እጋራለሁ። መደምደሚያቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ጽሑፉ መፍራት በማያስፈልግበት ቦታ ያስፈራራል፤ መጠንቀቅ በሚገባበት ቦታ ደግሞ «አይዟችሁ» ይላል። በየተራ ልመልስ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ማበልጸግ ኃይል ይጨምርለታል»

ምንም የሚጨመር ነገር የለም። ከመሬት የሚወጣ ዩራኒየም ድብልቅ ነው። 99.3 በመቶ ገደማው ዩራኒየም-238፣ 0.7 በመቶ ገደማው ዩራኒየም-235 ነው። ሁለቱም 92 ፕሮቶን አላቸው። የሚለያዩት በ3 ኒውትሮን ብቻ ነው። በቀላሉ ተሰንጥቆ ኃይል የሚሰጠው፣ የሚፈለገውም፣ 235ቱ ነው። አበልጻጊው 238ቱን እየነጠለ ያወጣል፤ በቀረው ውስጥ የ235ቱ ድርሻ ከፍ ይላል። አዲስ አቶም አይፈጠርም። የነበረውም አይለወጥም።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሁለቱ አይሶቶፖች በኬሚካል ጠባያቸው መንትያ መሆናቸው ነው። አንዱን የሚያሟሟ አሲድ ሌላውንም ያሟሟል። የሚለዩት በክብደታቸው ነው። ፍራንሲስ አስተን በ1919 በሠራው መሣሪያ ኒዮን-20ን ከኒዮን-22 ለይቶ ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው። አቶሞቹ በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ ውስጥ ሲወነጨፉ ቀላሉ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ከባዱ እንቢ ይላል። አስተን በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። ከዚያ በኋላ የመጡት ዘዴዎችም ከሞላ ጎደል ይህችኑ ትንሽ የክብደት ልዩነት የሚያሳድዱ ናቸው።

ጨረርን በተመለከተም ጽሑፉ አንድ ነገር ያምታታል። ለኃይል ማመንጫ የተዘጋጀ 5 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም፣ ሪአክተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሠራተኞች ጓንት አድርገው በእጃቸው የሚይዙት ነገር ነው። ሰው የማይጠጋው ተቃጥሎ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ጨረሩ የሚመጣው ከተሰነጠቁት አቶሞች ስብርባሪ ነው። ማበልጸጊያው በዚያ ውስጥ እጁ የለበትም።

«ዘዴው አንድ ነው፤ ሴንትሪፊውጅ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ ጉድ ነው።

ለመጀመሪያው የዩራኒየም ቦምብ የሚሆነው ዩራኒየም ሲዘጋጅ ሴንትሪፊውጅ ድርሻ አልነበረውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ሞክረውት ነበር። ማሽኑ ቢያስቸግራቸው ተዉት። በምትኩ ቴነሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ በተባለ ቦታ ሌሎች 3 ዘዴዎችን ጎን ለጎን አስኬዱ።

አንዱ የኧርነስት ሎውረንስ ካሉትሮን ነው። ዩራኒየሙን አትንኖ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ሰጥቶ፣ በግዙፍ ማግኔቶች መሃል ያስወነጭፈዋል። 235ቱ ጠበብ ባለ ቅስት ይዞራል፣ 238ቱ ሰፋ ባለ። መጨረሻቸው ላይ ሁለት ኪሶች ይጠብቋቸዋል። ሐሳቡ የአስተን ነው፤ መጠኑ ግን አይጣል ነው። ማግኔቶቹን ለመጠምጠም የሚሆን መዳብ በጦርነቱ ምክንያት ጠፋ። ስለዚህ ከአሜሪካ ግምጃ ቤት 13 ሺህ ቶን ገደማ የብር ማዕድን ተበደሩ። ሊጠይቅ የሄደው መኮንን ስንት ሺህ ቶን እንደሚፈልግ ሲናገር፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እኛ የምንቆጥረው በትሮይ አውንስ ነው ብለው እንዳረሙት ይተረካል። የብሩ የመጨረሻ ክፍል የተመለሰው በ1970 ነው።

መቆጣጠሪያዎቹ ፊት ተቀምጠው የመለኪያ ቀስቶቹን ሲያስተካክሉ የሚውሉት በአብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ምን እንደሚያመርቱ አልተነገራቸውም። ከሚገባው ዩራኒየም ውስጥ አብዛኛው ኪሱ ጋ ሳይደርስ የማሽኑ ግድግዳ ላይ ይረጫል። እሱን እየፋቁና እያጠቡ እንደገና መክተት ነበር ሥራው።

ሁለተኛው ዘዴ ጋዙን በወንፊት ማሾለክ ነው። ዩራኒየሙ መጀመሪያ ከፍሎሪን ጋር ተዋህዶ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ይሆናል። ይህ ነገር 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ፍሎሪን የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። በተፈጥሮ ያለው አንድ አይሶቶፕ ብቻ ነው። ስለዚህ በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት የዩራኒየሙ ብቻ ይሆናል፤ 349 ለ352። ቀለል ያለው ሞለኪውል ፈጠን ስለሚል በደቃቁ ቀዳዳ ቀደም ብሎ ያልፋል። በአንድ ማለፍ የሚገኘው ትርፍ ግን ቢበዛ 1.0043 እጥፍ ነው። ይህን ሺህና ከዚያ በላይ ጊዜ መደጋገም ግድ ይላል። ኬ-25 የተባለው የኦክ ሪጅ ሕንፃ እያንዳንዱ ክንፉ 800 ሜትር ገደማ የሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ዘዴ በሙቀትና በቅዝቃዜ መካከል በተያዘ ፈሳሽ የሚለይ ነበር። ትንሽ ገፋ አድርጎ ለሌሎቹ አስረክቧል፣ ከዚያም ተዘግቷል።

ወንፊቱ ከጦርነቱ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ነግሦ ቆይቷል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ጤና አይሰጥም። ፈረንሳይ ውስጥ ትሪካስታን ላይ የነበረው ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ አጠገቡ ካሉት 4 የኑክሌር ሪአክተሮች የ3ቱን ምርት ይወስድ ነበር። በ2012 ተዘጋ። የአሜሪካው ፓዱካ በ2013 ተከተለው።

ሴንትሪፊውጅ ያሸነፈው እንግዲህ በስተኋላ ነው። ጄሲ ቢምስ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1934 የክሎሪንን አይሶቶፖች በዚህ ዘዴ ለይቶ ነበር። ወደ ኢንዱስትሪ የሚወስደውን መላ ያገኙት ግን ከጦርነቱ በኋላ በሶቪየት ኅብረት ተይዘው የቆዩ የጀርመንና የኦስትሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ጌርኖት ዚፐ በስሙ የሚጠራው ማሽን ከዚያ ወጣ። ቀጭን ሲሊንደር ነው። አየር በሌለበት ሽፋን ውስጥ፣ ጠርዙ ከድምፅ ፍጥነት በላይ እየሮጠ ይሽከረከራል። ታች በመርፌ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ላይ ማግኔት ደግፎታል። ከባዱ ጋዝ ወደ ግድግዳው ይገፋል፣ ቀላሉ ወደ መሃል ይጠጋል። ለተመሳሳይ ሥራ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከወንፊቱ 50 ጊዜ ያህል ያንሳል። ያሸነፈው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለዩራኒየም ነው። ቀላል ንጥረ ነገሮች ዘንድ ሲመጡ ጨዋታው ሌላ ነው። ሃይድሮጅንና ከባዱ አይሶቶፑ ዲዩቴሪየም በክብደት እጥፍ ይለያያሉ። ስለዚህ ኬሚስትሪውም ይለያቸዋል። ሃሮልድ ዩሪ ዲዩቴሪየምን ያገኘው ፈሳሽ ሃይድሮጅንን እያተነነ የመጨረሻዋን ጠብታ በመመርመር ነው፤ በ1934 ኖቤል አገኘበት። በዚያው ዓመት የኖርዌዩ ቬሞርክ ፋብሪካ ከባድ ውሃ (በተራው ሃይድሮጅን ፈንታ ዲዩቴሪየም ያለበት ውሃ) ማምረት ጀመረ። ለማዳበሪያ የሚሆን ሃይድሮጅን ለማግኘት ውሃን በኤሌክትሪክ ሲሰነጥቅ፣ ከባዱ ውሃ ወደ ኋላ እየቀረ ይጠራቀም ነበር። ያንን ፋብሪካ የኖርዌይ ኮማንዶዎች በ1943 ያፈነዱት ጀርመኖች ለሪአክተር እንዳይጠቀሙበት ነው።

ሊቲየምም አለ። ጸሐፊው ስለ ቦምብ ይህን ያህል ተጨንቀው ሊቲየምን አለማንሳታቸው ገርሞኛል። ለሃይድሮጅን ቦምብ የሚፈለገው ሊቲየም-6 ኦክ ሪጅ ውስጥ የተለየው ያለ አንዳች ሴንትሪፊውጅ፣ በብዙ ሜርኩሪ ነው። ከሜርኩሪው ብዙው ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ገባ። ጽዳቱ ከ60 ዓመት በኋላም አላለቀም። ሴንትሪፊውጅን ብቻ የሚያይ ዓይን ይህን አያየውም።

«ያለ በለጸገ ዩራኒየም ሪአክተር የለም»

ይህ በአጭሩ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሪአክተር በታኅሣሥ ወር 1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲነሣ ነዳጁ እንዳለ የተፈጥሮ ዩራኒየም ነበር። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ ኒውትሮኖቹን በግራፋይት አዘገዩአቸው፣ በቃ። የካናዳዎቹ ካንዱ ሪአክተሮች በተፈጥሮ ዩራኒየምና በከባድ ውሃ ይሠራሉ። ማበልጸጊያ የሚያስፈልገው ተራ ውሃ ሲሆን ነው። ተራ ውሃ ኒውትሮን ስለሚውጥ ነዳጁን ከ3 እስከ 5 በመቶ ማድረስ ያሻል።

የጸሐፊው ክርክር የሚወድቀውም እዚህ ነው። ማበልጸጊያን ማገድ የቦምቡን በር የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ልንነጋገርበት እንችል ነበር። ሕንድ በ1974 ያፈነዳችው መሣሪያ ግን የተሠራው ዩራኒየም ሪአክተር ውስጥ ሲቆይ ከሚፈጠር ፕሉቶኒየም ከተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ፕሉቶኒየሙ የተገኘው በተፈጥሮ ዩራኒየምና በከባድ ውሃ ከሚሠራ የምርምር ሪአክተር ነው። ዩራኒየም ሳይበለጽግ ማለት ነው።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። በ1972 ፈረንሳይ ፒየርላት ውስጥ ባለሙያዎች ከጋቦን የመጣ የዩራኒየም ናሙና ሲመረምሩ 235ቱ ጎደለባቸው። 0.7202 በመቶ መሆን ሲገባው 0.7171 ሆነ። ለሌላው ሰው ምንም ነው። ለእነሱ ግን የተሰረቀ ዩራኒየም ማለት ሊሆን ይችላል። ሲከታተሉት ኦክሎ በተባለው የማዕድን ቦታ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተፈጥሮ ራሷ ሪአክተር አስነሥታ እንደነበር ታወቀ። 235ቱ ከ238ቱ ፈጥኖ ስለሚያልቅ በዚያ ዘመን ድርሻው 3 በመቶ ገደማ ነበር። የከርሰ ምድር ውሃ ሲገባበት ተቀጣጠለ።

«20 በመቶ ገና ሩቅ ነው»

የጽሑፉ አደገኛ መስመር ይህ ነው። ጸሐፊው 20ን ለቦምብ ከሚፈለገው 90 በመቶ ቀንሰው 70 በመቶ ይቀራል ይላሉ። የማበልጸግ ሒሳብ ግን እንዲህ አይሄድም።

1,000 የዩራኒየም አቶሞችን እንውሰድ። 7ቱ 235 ናቸው፣ 993ቱ 238። ለነገሩ ቅለት 235ቱ አንዱም አይጠፋ እንበል። 3.5 በመቶ ለመድረስ 7ቱ በ200 መሃል መሆን አለባቸው። 800 አቶም አውጥተናል። 20 በመቶ ለመድረስ 7ቱ በ35 መሃል ይሁኑ። እስካሁን የወጣው 965 ነው። 90 በመቶ ገደማ ለመድረስ ደግሞ 7ቱ በ8 መሃል ይሆናሉ። የወጣው በጠቅላላ 992። ከ20 ወደ 90 ለመሄድ የቀረው ማውጣት 27 አቶም ብቻ ነበር።

በእውነተኛ ፋብሪካ ከ235ቱም የሚባክን አለ፣ ሥራው ራሱም የሚለካው በሌላ ቀመር ነው። ቅርጹ ግን ያው ነው፤ 20 በመቶ ላይ ሲደረስ 90 በመቶ ገደማው ሥራ አልቋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚለውን ድንበር 20 በመቶ ላይ ያሰመረው ለወጉ አይደለም። ከ20 በታች ባለው ዩራኒየም ቦምብ መሥራት በተግባር የማይሆን ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን እያንዳንዱ መቶኛ በጣም በርካሽ ይመጣል። ስለዚህ «20 ገና ነው» ብሎ አንባቢን ማረጋጋት ትልቅ ጥፋት ነው።

ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ቀላል ነው፤ መቀላቀል ብቻ ነው። ከ1993 እስከ 2013 ሩሲያ ከጦር መሣሪያ የወጣ 500 ቶን ከፍተኛ የበለጸገ ዩራኒየም አቅጥና ለአሜሪካ ኃይል ማመንጫዎች ሸጣለች። 20 ሺህ ገደማ ቦምብ የሚሆን ነበር። ጽሑፉ ይህን አንዴም አላነሣም።

«ሌዘር ሲመጣ ማንም በጓዳው»

ሌዘር መጥቷል እኮ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። ሐሳቡ ያምራል፤ የብርሃኑን ቀለም በጥንቃቄ መርጦ 235ቱን ብቻ መቀስቀስ፣ 238ቱን አለመንካት ነው። አሜሪካ በሊቨርሞር ላቦራቶሪ ለረጅም ዓመታት ለፋችበትና በ1999 አቆመችው። ፈረንሳይም የራሷን ሞክራ ተወች። የአውስትራሊያው ኩባንያ ሳይሌክስ አሁንም ይገፋል። ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነገር ቀንና ሌሊት በቶን የሚያመርት ፋብሪካ ሲሆን ብዙ ነገር ይሰበራል። ሌዘሩ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት፣ ተኑ ብረቱን ይበላል፣ የተለየው መልሶ ይቀላቀላል። ባለሙያዎች የሚሰጉት ሌላ ነገር ነው፤ የሌዘር ፋብሪካ ከሴንትሪፊውጅ ያነሰ ቦታ ሊይዝና ለመደበቅ ሊመች ይችላል። ያ ግን የመንግሥት አቅም ያለው አካል ታሪክ እንጂ የጓዳ ታሪክ አይደለም።

«ለሌላ ነገር አይውልም»

ሆስፒታል ውስጥ የካንሰር ሕመምተኛ ፔት ስካን በሚባለው ማሽን ሲመረመር ነገሩ የሚጀምረው ከተለየ ውሃ ነው። በአየርና በውሃ ውስጥ ካለው ኦክስጅን 0.2 በመቶው ኦክስጅን-18 ነው። ከተራው ኦክስጅን-16 የሚበልጠው በ2 ኒውትሮን ነው። ኦክስጅን-18 ያለበት ውሃ ትንሽ ይዘገያል እንጂ እንደሌላው ይተናል። ረጃጅም ማማዎች ውስጥ እያተነኑና እያቀዘቀዙ፣ ሺህ ጊዜ ደጋግመው፣ ከ95 በመቶ በላይ ያደርሱታል። ወራት የሚወስድ ሥራ ነው። ጨረር የሚባል ነገር የለበትም።

ከዚህ ውሃ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሳይክሎትሮን ከሚባል ማሽን ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ፕሮቶን ይተኮስበታል። ኦክስጅን-18 ፕሮቶን ተቀብሎ ኒውትሮን ይጥልና ፍሎሪን-18 ይሆናል። ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ሩጫው ከዚህ ይጀምራል። ፍሎሪኑ ከግሉኮስ መሰል ሞለኪውል ጋር ይጣበቃል፣ ጥራቱ ይፈተሻል፣ በመኪና ይጫናል፣ ሕመምተኛው ይወጋል። ዕጢው ስኳር ስለሚስብ ፍሎሪኑን ይሰበስባል፣ ካሜራው ላይም ያበራል። ሲመሽ ግማሹ፣ የግማሹም ግማሽ እያለ አልቋል። በጸሐፊው እገዳ መሠረት ይህ ሁሉ የሚጀምርበት ማማ ይፈርሳል ማለት ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም አለ። ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶው ካርቦን-13 ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ በታች 190 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዘው እያተነኑ ይለዩታል። ከእሱ ዩሪያ ይሠራና ሕመምተኛው ይጠጣዋል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ጨጓራው ውስጥ ካለ ዩሪያውን ይሰብረዋል። ካርቦን-13 ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ነው፤ ያልቃል። ካርቦን-13 ጨረር ስለሌለው ለልጅም ይሰጣል።

ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና የሚውለው ሉቴሲየም-177 ከተለየ ኢተርቢየም-176 ይመረታል። ናይትሮጅን-15 ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ሰብሉ ምን ያህሉን እንደወሰደና ምን ያህሉ እንደባከነ ይናገራል። ዚንክ ደግሞ ሳቅ ያጭራል። ሪአክተር ውስጥ ዝገት ለመቀነስና ሠራተኛውን ከጨረር ለማዳን ወደ ውሃው ዚንክ ይጨምራሉ። ከተፈጥሮ ዚንክ ግማሽ የሚሆነው ዚንክ-64 ግን ኒውትሮን ሲውጥ ራሱ ጨረር አመንጪ ይሆናል። ስለዚህ 64ቱን በሴንትሪፊውጅ ያስወጡታል። የሚሸጠው የተራቆተው ዚንክ ነው።

ኪሎግራምን ያየን እንደሆነ ደግሞ ከ2019 ወዲህ የምትለካው ፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ የብረት ቁራጭ አይደለም። ወደ አዲሱ ትርጉም ካደረሱት ሥራዎች አንዱ 94 ሚሊ ሜትር የማይሞላ የሲሊከን ኳስ ነው። ሳይንቲስቶቹ በውስጡ ያሉትን አቶሞች ለመቁጠር ፈለጉ። አይሶቶፑ ከተደባለቀ ደግሞ ቆጠራው ይበላሻል። ሩሲያ ውስጥ ሲሊከኑን ወደ ጋዝ ለውጠው በሴንትሪፊውጅ 99.99 በመቶ በላይ ሲሊከን-28 አደረጉት። ጀርመን ውስጥ ወደ አንድ ክሪስታል አደገ፣ ከዚያም ኳስ ሆኖ ተወለወለ። ይኸው ንጹሕ ሲሊከን ዛሬ ለኳንተም ኮምፒውተር ሠሪዎች ይፈለጋል።

ጣልያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ ከ1,400 ሜትር ዓለት በታች፣ ኒውትሪኖ የተባለች እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ራሷ የራሷ ተቃራኒ ቅንጣት መሆን አለመሆኗን ለማወቅ የሚደረግ ፍለጋ አለ። መሣሪያው የተሠራው ከጀርመኒየም-76 ነው። በተፈጥሮ 8 በመቶ የማይሞላው ተለይቶ ወደ 87 በመቶ ደርሷል። ለቦምብም ለመብራትም አይሆንም። ጠያቂ ሰዎች እንዲያውቁ ብቻ ነው።

«ማሽኑ በሙሉ ይታገድ»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እገዳው ግን መቆጣጠሪያውንም ይዞ ይሄዳል።

ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ፋብሪካ ገብተው ዩራኒየሙን ይቆጥራሉ፣ ማኅተም ይለጥፋሉ፣ ካሜራ ይተክላሉ። ከሁሉም የምወደው ግን የጥጥ ጨርቋ ናት። ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ ወለሉን በጨርቅ ይጠርጉና ላቦራቶሪ ይልካሉ። ዓይን የማያየው ብናኝ ውስጥ የ235ቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይለካል። ድርሻው ከተነገረው በላይ ከሆነ ማብራሪያ ይጠየቃል። የሚለካው በምንድን ነው? ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው ነው፣ በቀጥታ ከአስተን መሣሪያ የወረደ። አቶሞችን በክብደት የሚለይ ማሽን ነው። «አይሶቶፕ የሚለይ ማሽን በሙሉ» ካሉ ይኸም ይጨመራል።

አንድ ምሳሌ ላንሣና ጸሐፊውን ልጠይቅ። በ2015ቱ የኢራን የኑክሌር ስምምነት አገሪቱ ፎርዶ በተባለው ከተራራ ሥር ያለ ተቋም ለ15 ዓመት ዩራኒየም ላለማበልጸግ ተስማምታ ነበር። እዚያ ከሚቀሩት ማሽኖች 348ቱ ከሩሲያ ጋር በመተባበር ጨረር የሌላቸውን አይሶቶፖች ወደ መለየት እንዲዞሩ ታቀደ። ከነዚህ አንዱ ለሕክምና አይሶቶፖች መነሻ የሚሆነው ቴሉሪየም ነው። በኅዳር ወር 2019 ኢራን በዚያው ተቋም ዩራኒየም ማበልጸግ ጀመረች። በቀጣዩ ወር የሩሲያው ኩባንያ ቲቬል ዩራኒየምና ቴሉሪየም በአንድ አዳራሽ አብረው አይሄዱም ብሎ ሥራውን አቆመ።

የጸሐፊው እገዳ ዩራኒየሙ ከመግባቱ በፊት ለነበሩት 348 ማሽኖች ምን ይፈርድ ነበር? ቴሉሪየሙን የመለየቱን ሥራ እንደ ወንጀል ይቆጥረዋል? ካልቆጠረው፣ በየትኛው ወር ላይ ነው ወንጀል የሚሆነው? ማንስ ገብቶ ያያል? መልሳቸውን በቀጣዩ ጽሑፋቸው እጠብቃለሁ።